ቁጥሩን ያዢና ነይ፦ ወሎ ውስጥ የቤተሰብ ፍርድ መዝገብ ፈልጎ ማውጣት

አክስቴ የፍቺ ወረቀቷን ስትፈልግ አብሬያት ዞሬያለሁ። ፍቺው የ1991 ነው። ወረቀቱ ያስፈለጋት ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቤቱን በስሟ ልታዞር ስትሄድ «ፈት ከሆንሽ ውሳኔውን አምጪ» ስትባል ነው። መዝገብ ቤት ሄድን። ስሟን ከነአያቷ ተናገረች። ሠራተኛው ቀና ብሎ አያትና «እናቴ፣ እኛ በስም አናወጣም፤ ቁጥሩን ያዢና ነይ» አላት። ተመለስን። በማግስቱ ሄደን ደግሞ ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ነው ነገሩ የገባኝ፦ የመዝገብ ፍለጋው ትልቁ ሥራ ያለው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ሰው ትዝታ ውስጥ ነው።

እዚህ የምጽፈው ፍቺ፣ የንብረት ክፍፍል፣ ቀለብ፣ የልጅ አስተዳደግ፣ አባትነት፣ ሞግዚትነት፣ ጉዲፈቻና ወራሽነት ላይ የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ለሚፈልግ ሰው ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ብዙ በር አንኳኩቼ የለመድኩትን ነው የምነግራችሁ።

1. መዝገቡ የየትኛው ፍርድ ቤት ነው?

ዛሬ የቤተሰብ ጉዳይ የሚጀመረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኙ ወደ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ለደቡብ ወሎ ደሴ፣ ለሰሜን ወሎ ወልዲያ ማለት ነው። ከሚሴና ሰቆጣ የየራሳቸው አላቸው። ከዚያ በላይ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ።

ሰው የሚሳሳተው ወረዳው ላይ ነው። «እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ስለሆነ መዝገቡ ኮምቦልቻ ይሆናል» ይላል። ላይሆን ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደንብ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ እናታችሁ አባታችሁን ከስሳ ከሆነ፣ አባታችሁ ያኔ ሐይቅ ይኖር ከነበረ፣ ተሁለደሬ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። እናንተ ዛሬ የት እንደምትኖሩ ለመዝገቡ ምኑም አይደለም። ውርስ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቶ ያረፈ የመርሳ ሰው የወራሽነት መዝገቡን መጀመሪያ የምትፈልጉት ሐብሩ ወረዳ ነው።

ዘመኑም ፍርድ ቤቱን ይለውጠዋል። ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም ክፍለ ሀገር በነበረ ጊዜ በአውራጃ ነበር የተከፈለው፦ ደሴ ዙሪያ፣ ቃሉ፣ አምባሰል፣ ወረሂመኑ፣ ወረኢሉ፣ ቦረና፣ የጁ፣ ላስታ፣ ራያና ቆቦ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ዋግ፣ አውሳ። የአያቶቻችሁ ጉዳይ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የምታገኙት «የየጁ አውራጃ ፍርድ ቤት» የሚል ነው። ያ ፍርድ ቤት ዛሬ የለም። ሄዳችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ «የድሮው አውራጃ ፍርድ ቤት መዝገቦች የት ተጠቃለሉ?» የሚል ይሁን። እንደዚህ ስትጠይቁ ሠራተኛውም ነገሩ የገባው ሰው እንደመጣ ያውቃል፤ ዝም ብሎ «የለም» አይላችሁም። በደርግ ጊዜ ደግሞ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ያለቁ ክርክሮች ነበሩ። እነሱን ፍርድ ቤት ብትፈልጉ አታገኙም።

ከዚህ ሁሉ ግን ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ሌላ ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1995 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79። ከዚያ በፊት በእኛ አካባቢ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ባልና ሚስትን የሚያፋቱት በዋናነት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው። ዋርካ ሥር ወይም ሰው ቤት ተቀምጠው፣ አስታርቀው፣ እምቢ ሲል አፋተው፣ ውሳኔውን ጽፈው ይፈርሙበታል። ስለዚህ ከ1995 በፊት የተፋታ ሰው «የፍቺ መዝገብ» ብሎ ፍርድ ቤት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ በዚያ ስም የተከፈተ መዝገብ የለም። ያለው የሽማግሌዎቹን ውሳኔ በመቃወም የቀረበ ይግባኝ፣ ወይም ውሳኔው አልፈጸምም ሲባል የተከፈተ የአፈጻጸም መዝገብ ነው።

የአክስቴም እንደዚያው ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ «ፍቺ፣ ፍቺ» እያልን ስንጠይቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለት ላም ለእሷ ብለው ወስነው ሰውየው አንዷን አልሰጥም ብሎ ኖሮ፣ በዚያች ላም ምክንያት የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቷል። የሽማግሌዎቹ ውሳኔ እዚያ መዝገብ ውስጥ ተያይዞ ተቀምጧል። ላሟን ግን አላገኘቻትም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ወሎ ውስጥ ሸሪዓን ረስቶ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ግማሹን አገር ረስቷል። የቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ፍርድ ቤቶች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሕግ የታወቁ ናቸው። ዛሬም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ የቤተሰብና የግል ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የራሳቸው መዝገብ ቤትና የራሳቸው ቁጥር አላቸው። በመደበኛው ወረዳ ፍርድ ቤት «የለም» ከተባላችሁ፣ ቤተሰቡም ሙስሊም ከሆነ፣ ጉዳዩ ሳይጠፋ ሌላ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ፍቺውን በሸሪዓ ጨርሶ ንብረቱን በመደበኛው ተካሷል። ሁለቱም ጋ ጠይቁ።

2. ቁጥሩን አድኑ

መዝገብ ቤት የሚደረደረው በቁጥር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር፣ እዝባር፣ ከዚያ ዓመት ተጽፎ ታያላችሁ። «መ/ቁ» የሚለውን ፈልጉ፤ የመዝገብ ቁጥር ማለት ነው። ከፍርድ ቤት የወጣ ደብዳቤ ላይ ሁለት ቁጥር ስለሚኖር ተጠንቀቁ፦ አንዱ የደብዳቤው ወጪ ቁጥር ነው፣ አንዱ የመዝገቡ። የደብዳቤውን ቁጥር ይዞ ሄዶ ግማሽ ቀን የባከነ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ቁጥሩ የት ይገኛል? መጀመሪያ ቤታችሁን በርብሩ። መጥሪያ ላይ አለ። የቀጠሮ ወረቀት ላይ አለ። የዳኝነት የተከፈለበት ደረሰኝ ላይ ሊኖር ይችላል። እናቶቻችን ወረቀት አይጥሉም፣ ማንበብ ባይችሉ እንኳ ማኅተም ያለበትን ሁሉ ያስቀምጣሉ። የአክስቴ ሣጥን አልጋ ሥር ነው ያለው። ከላይ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቅል፣ ጥቅሉ ውስጥ የግብር ደረሰኝ፣ የልጇ የክትባት ካርድ፣ የእርዳታ ስንዴ ካርድ፣ ከዚያ መሐል አራት ቦታ የታጠፈች፣ እጥፋቷ ላይ ልትበጠስ የደረሰች መጥሪያ። ቀለሟ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። ቁጥሩ ግን ይነበባል። ሦስት ቀን የለፋንበት ነገር እዚያው የምትተኛበት ሥር ነበር።

ቤት ውስጥ ከሌለ ደግሞ ውሳኔው ከፍርድ ቤት ወጥቶ የት እንደሄደ አስቡ። ውሳኔ ቢሮ ቢሮ ይዞራል። የገጠር መሬት ተካፍለው ከሆነ ወረዳው መሬት አስተዳደር ማኅደር ውስጥ ግልባጩ ወይም የተጻፈው ትዕዛዝ አለ። የከተማ ቤት ከሆነ ማዘጋጃ ቤት። ቀለብ ከደመወዝ ይቆረጥ ከነበረ የመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ወይም ፋይናንስ ክፍል፣ ያለ ፍርድ ቤት ደብዳቤ አንድ ብር አይቆርጡምና። ወራሽነት ከሆነ ገንዘቡ የወጣበት ባንክ፣ ወይም የጡረታ ማኅደር። ልጅን በሚመለከት ትምህርት ቤት ጭምር። እነዚህ ቢሮዎች ግልባጩን አሳልፈው ባይሰጧችሁ እንኳ «ቁጥሩንና ቀኑን ብቻ ልጻፍ» ስትሏቸው እምቢ የሚሉት ጥቂት ናቸው።

ሌላው ሰው ነው። በመዝገቡ ላይ ከእናንተ ሌላ አንድ ተከራካሪ አለ። ኩርፊያው ካለፈ ጠይቁት። እናንተ መጠየቅ ካቃታችሁ ልጅ ላኩ፣ ወሎ ውስጥ ሽማግሌም አይጠፋም። የያኔው ጠበቃ ካለ ከቢሮው ፋይል ያወጣላችኋል። በፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ማመልከቻ የሚጽፉት ራይተሮችም ቀላል ሰዎች አይደሉም፤ ሃያ ዓመት እዚያች ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ራይተር የማንን ክስ እንደጻፈ ያስታውሳል።

ይሄ ሁሉ አልሆነም እንበል። አብሽሩ፣ ቀርቷል ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ አዲስ ክስ በቀረበ ቁጥር የሚጽፍበት ባሕር መዝገብ አለው። ቀን፣ ቁጥር፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ የክሱ ዓይነት። እሱን ገጽ በገጽ ማየት ይቻላል፤ ግን ዓመቱን ማጥበብ አለባችሁ። «ድሮ ነው» ካላችሁ ማንም አያይላችሁም። «ከ1990 እስከ 1992 ባለው» ካላችሁ ሊያይላችሁ ይችላል።

ዓመት ለማጥበብ ሰውን በዓመተ ምሕረት አትጠይቁት። በወሎ አቆጣጠር ጠይቁት። ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? ደርግ ሲወድቅ፣ በ83፣ አብራችሁ ነበራችሁ? ምርጫ 97 ላይ የት ትኖሪ ነበር? ልጁ ስንተኛ ክፍል ነበር? አክስቴ «እኔ እንጃ ልጄ» ስትል ቆይታ ድንገት «ወንድሜ ባድመ የዘመተ ጊዜ ነው፤ ላሟን የሚያስጥልልኝ ሰው አጣሁ» አለች። አለቀ። ዓመቱ ተገኘ። መጥሪያዋም ስትገኝ ያንኑ ዓመት ነው የምትለው።

ኮምፒውተር የገባባቸው ፍርድ ቤቶች በስምም ይፈልጋሉ። ደስ ይላል፤ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ለቅርብ ዓመታት ነው። አሮጌው መዝገብ ዛሬም ሲባጎ የታሰረ ወረቀት ነው።

3. ስሙ ስንት ዓይነት ይጻፋል?

ይሄን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ «የለም» የሚባል መዝገብ በስም አጻጻፍ ምክንያት ብቻ ስለሚጠፋ ነው። ማንም ሳያጠፋው ማለቴ ነው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ። ሰይድ፣ ሠይድ፣ ሰኢድ። እንድሪስ፣ ኢድሪስ። ይማም፣ ኢማም። ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋጦ። ዘይነባ፣ ዘይነብ፣ ዘነቡ። አንዱ ጸሐፊ በሀ ሲጽፍ ሌላው በሐ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ አይገምትም።

በዚህ ላይ የጥሪ ስም አለ። ሴቷ ባሏ ቤት የወጣላት ስም አለ፣ ክርስትና ስም አለ። ሃይማኖት ሲለወጥ አብሮ የተለወጠ ስም አለ። ወሎ ውስጥ የልጁ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ የሙስሊም፣ የአያቱ ተመልሶ የክርስቲያን መሆኑ ማንንም አያስገርምም፤ ከሌላ አገር የመጣ ሠራተኛ ግን «ተሳስተሻል» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ከቤት ሳትወጡ አንድ ወረቀት ላይ የሁለቱንም ወገን ስም በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ ደርድሩት። ባሕር መዝገቡ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው ከሳሽ ስለሆነ ማን ቀድሞ እንደከሰሰም አጣሩ። «እኔ ነኝ የተካሰስኩት» ማለት ብቻውን አይበቃም።

4. ማመልከቻ

ቁጥሩ ተገኘ። አሁን ሥራው ቀላል ነው። ማን መጠየቅ እንደሚችል በአጭሩ፦ ተከራካሪው ራሱ መታወቂያ ይዞ፤ ወኪሉ የውክልና ማስረጃ ይዞ፤ ጠበቃው፤ ተከራካሪው ከሞተ ወራሽነቱን ያረጋገጠ ሰው። ከዚህ ውጪ ያለ ሰው ለምን እንደፈለገው ማስረዳት ይኖርበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ነው ይላል፤ የሰውን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ግን በዝግ ሊታይ እንደሚችልም እዚያው ይላል። የቤተሰብ ጉዳይ፣ በተለይ የልጅ፣ የአባትነትና የጉዲፈቻ ነገር፣ እዚህ ውስጥ ይገባል። የጎረቤትን የፍቺ መዝገብ ላንብብ ብትሉ የሚሰጣችሁ የለም፤ ባይሰጣችሁም ደግ ነው።

ማመልከቻውን ራይተር ይጽፍላችኋል፣ ራሳችሁም መጻፍ ትችላላችሁ። እንዲህ ነው፦

ቀን፦ …
ለ… ወረዳ ፍርድ ቤት
የመዝገብ ቁጥር፦ …
አመልካች፦ (ስም ከነአያት፣ ቀበሌ፣ ስልክ)
ጉዳዩ፦ የውሳኔ ትክክለኛ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
በከሳሽ … እና በተከሳሽ … መካከል በነበረው ክርክር ፍርድ ቤቱ በ… ቀን … ዓ.ም. ውሳኔ ሰጥቷል። እኔም በመዝገቡ ከሳሽ ስሆን ውሳኔው ለ… ስላስፈለገኝ ማኅተም ያረፈበት ትክክለኛ ግልባጭ በ2 ቅጂ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።
ፊርማ

ከዚህ በላይ አታርዝሙት። የትዳሩን ታሪክ ከሠርጉ ጀምሮ የጻፈ ሰው አይቻለሁ፤ ሬጅስትራሩ (የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) ያነበበው ግን «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ብቻ ነው። «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚለው ቃል ግን አይቅር። ፎቶ ኮፒና ትክክለኛ ግልባጭ አንድ አይደሉም። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ኮፒ ብትሰጡ ይመልሱላችኋል።

የምትፈልጉት ምን እንደሆነም ለዩ። ውሳኔውን ብቻ ነው? ወይስ አቤቱታውን፣ መልሱንና የምስክር ቃሉን ጨምሮ ሙሉ መዝገቡን? ለቢሮ ጉዳይ ውሳኔው ይበቃል። ሙሉውን የሚፈልገው ጠበቃ ነው። ፍቺና የንብረት ክፍፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይወሰኑም፤ ትዳሩ ፈርሷል የሚለው ቀድሞ ይወጣና ንብረቱ ለብቻው፣ አንዳንዴም በሌላ ቁጥር ይቀጥላል። ቤት ልታዞሩ ከሆነ ሁለቱም ያስፈልጓችኋል። አንዱን ብቻ ይዛችሁ ከከላላ ደሴ ድረስ መጥታችሁ እንዳትመለሱ።

5. መዝገብ ቤት የምትሄዱበት ቀን

ጠዋት ሂዱ። 2፡30 ላይ በሩ ላይ ሁኑ። ዓርብ ጠዋት 5፡30 ላይ ለጁምዓ ይወጣና 7፡30 ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ ዓርብ አጭር ቀን ነው። የገበያ ቀንም አይመከርም፤ ከገጠር የሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ገበያውንም ፍርድ ቤቱንም በአንድ ጉዞ ስለሚጨርስ ባቲ ላይ ሰኞ ግቢው ጢም ይላል። ነሐሴና መስከረም መደበኛው ችሎት ዕረፍት ነው፤ ተረኛ ይኖራል፣ ግን አሮጌ መዝገብ የሚቆፍርላችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ።

መታወቂያ፣ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ፣ እስክሪብቶ፣ ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ። ማመልከቻውን ስታስገቡ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገባበትን ቀን አስፈርሙ። ክፍያ ካለ ትንሽ ነው፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ «ቶሎ እንዲወጣልሽ» የሚላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ እለፉ። ከግቢው ውጪ ቆሞ «እኔ አወጣልሻለሁ» የሚለው ጉዳይ ገዳይማ ጭራሽ አይጠጋችሁ፤ የሐሰት ማኅተም ያለበት ውሳኔ ይዞ መገኘት ከመዝገብ መጥፋት የባሰ ጣጣ ነው።

መዝገቡ በዕለቱ ላይወጣ ይችላል። አሮጌ ከሆነ መጋዘን ገብቶ የሚፈልገው ሰው ያስፈልጋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ግልባጩ አይታተምም። አትቆጡ። እዚህ አገር መዝገብ የሚገኘው በሠራተኛው ትዝታ ጭምር ነው። ጸጉሩ የሸበተ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ካያችሁ እሱን በትሕትና ያዙ፤ «ጋሼ፣ የድሮው መደርደሪያ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ከደብዳቤ በላይ ይሠራል። የአክስቴን መዝገብ ያወጣው እንደዚያ ያለ ሰው ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አቧራውን በነጠላ ጫፍ እየጠረገ፣ ሲባጎውን ፈታ። ጥጉን አይጥ በልቶታል። የመጨረሻው ገጽ ግን ደህና ነበር፤ «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚለው ትዕዛዝ ከነፊርማው። አክስቴ «ይሄው ነው እንዴ እኔን ያንከራተተኝ?» አለች። ሰባት ገጽ ነበር።

6. ከግቢው ሳትወጡ አረጋግጡ

ግልባጩን ተቀብላችሁ ወዲያው አትሩጡ። አጥሩ ሥር ቁሙና እዩት። ገጹ ሙሉ ነው? ማኅተም በየገጹ አርፏል? የሬጅስትራሩ ቲተርና ፊርማ አለ? የመዝገብ ቁጥሩና ውሳኔው የተሰጠበት ቀን ይነበባል? ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ነው? ግልባጩ ሲተየብ የተፈጠረ ስህተት ከሆነ እዚያው ይታረማል። በዋናው ውሳኔ ላይ የተጻፈ የስም ወይም የሒሳብ ስህተት ከሆነ ግን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 208 መሠረት ይታረምልኝ ብላችሁ ለዚያው ፍርድ ቤት ታመለክታላችሁ። አዲስ ክስ አይደለም፣ አትፍሩት። መታረም የሚችለው ግን የጽሕፈት ስህተት እንጂ ዳኛው ያሰበው ነገር አይደለም።

«ይግባኝ ተብሎበታል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። በይግባኝ የተለወጠ ውሳኔ ግልባጭ ይዞ መዞር ከንቱ ድካም ነው። ይግባኝ ሄዶ ከሆነ የከፍተኛውን ፍርድ ቤት ውሳኔም ማውጣት አለባችሁ። ነገሩ እስከ ፌዴራል ሰበር (የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) ደርሶ ከሆነ ደግሞ ሰበር ችሎቱ የመረጣቸውን ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ያሳትማል፤ ኢንተርኔት ላይም ስላሉ በስልካችሁ መፈለግ ትችላላችሁ።

ውሳኔው አዲስ ከሆነ ጊዜ አትግደሉ። ለይግባኝ ያለው 60 ቀን ነው፣ ያለ ግልባጭ ይግባኝ አይባልም፤ ስለዚህ በተወሰነበት ቀን ግልባጭ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትንም ቀን አስይዙ። አሮጌ ውሳኔ ይፈጸምልኝ ለማለት ደግሞ ሕጉ 10 ዓመት ብሎ ገድቧል። የአክስቴ ላም እንግዲህ በዚህ ሒሳብ ሄዳለች። ትዳሩ ፈርሷል የሚለው ግን በ10 ዓመት አያረጅም።

7. «ተቃጥሏል» ሲሏችሁ

በ2013 ማለቂያና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልዲያን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘርፏል፣ ብዙ ሰነድ ወድሟል። ስለዚህ «ተቃጥሏል» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። መፈለግ የሰለቸው ሰው መልስም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የምታውቁት በጽሑፍ ስትጠይቁ ነው፤ «መዝገቡ አለመገኘቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» በሉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲባል አንድ ተጨማሪ ፍለጋ ይደረጋል።

እውነት ከጠፋ ደግሞ ቁጥሩን ያደናችሁባቸው ቢሮዎች አሁን ሁለተኛ ጊዜ ይጠቅሟችኋል። መሬት አስተዳደር ያለው ግልባጭ፣ ባንክ ያለው፣ ሌላው ተከራካሪ ያለው፣ ይግባኝ ሲባል ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ተያይዞ የሄደው። ወልዲያ ያለው ቢጠፋ ባሕር ዳር የሄደ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ያገኛችሁትን ሰብስባችሁ ከማመልከቻ ጋር ለወሰነው ፍርድ ቤት አቅርቡ፤ መዝገቡ እንደገና እንዲደራጅ ጠይቁ። እዚህ ላይ የሕግ ሰው ቢያግዛችሁ ይሻላል። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

8. ሳውዲ ሆናችሁ የምትፈልጉ

ጅዳና ሪያድ ሆነው የፍቺ ወይም የልጅ አስተዳደግ ውሳኔ የሚፈልጉ የወሎ ልጆች ብዙ ናቸው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና መስጠት ነው ያለባችሁ። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፤ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ውክልናው ላይ «ከፍርድ ቤት የውሳኔ ግልባጭ እንዲያወጣ» የሚል ቃል በግልጽ ይግባ። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽም» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ይዞ ሄዶ የተመለሰ ወንድም አለ። ግልባጩን ውጭ አገር የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ባለው ሰው ይተርጎም፣ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ የምትሰጡት ቢሮ ምን ዓይነት ማኅተም እንደሚፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዕቃ ጭኖ እንደመመለስ ያለ ድካም ነው ሁለቴ መሄዱ።

አገር ቤት ያላችሁ የፍቺ ውሳኔውን ስታወጡ በዚያው ቀበሌ ወሳኝ ኩነት አልፉና የፍቺ ምስክር ወረቀት አውጡ። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማለቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ለምዝገባውም የሚጠየቀው ይኸው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቢሮ ለቢሮ ሰባት ገጽ መሸከም ቀርቶ አንዷን ወረቀት ማሳየት ትችላላችሁ።

የወጣውን ግልባጭ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ለልጅም ላኩት፣ ዋናውን አስቀምጡ። አክስቴ ዋናውን ከመጥሪያዋ ጋር በዚያው ላስቲክ ጠቅልላ ከጋቢው ሥር መለሰችው። የመዝገብ ቁጥሩን ደግሞ እኔ በእስክሪብቶ የሣጥኑ ክዳን ላይ ከውስጥ በኩል ጻፍኩላት።